ጽዋውን ሳልጠጣ አሳለፍኩት

ጥያቄ

ውድ አማካሪዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ እከታተላለሁ። የራሴን ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ለማን እንደምናገረው ግራ ቢገባኝ ነው የጻፍኩልዎ።

የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ያደግኩት በአማኝ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ላለፉት 4 ዓመታት ማክሰኞ ማታ በቤታችን የሚሰበሰብ የጸሎት ኅብረት እመራለሁ። 11 ነን። ቤቱ የአባቴ ነው። የምንኖረው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ከ6 ዓመት በፊት በእኛና በሌላ ወገን መካከል ግጭት ተነሣ። የየትኛው ወገን እንደሆንኩ አልጽፍም፤ ለጥያቄዬ አያስፈልግም። በአንድ ሌሊት ሱቃችን ተቃጠለ። አባቴን ደበደቡት። ቀኝ እጁ ከዚያ ወዲህ አይታዘዝለትም። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም። «በቤቴ ጸልዩ፣ እኔን ግን ተዉኝ» ይላል። ማክሰኞ ማታ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጣች። ከዚያኛው ወገን ናት። አነጋገሯን ስሰማ ሆዴ ይላወሳል። ምንም አላደረገችኝም። እንዲያውም እሁድ እሁድ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ወንበር የምትደረድረው እሷ ናት። መጋቢያችን «ቤቷ ለእናንተ ቅርብ ነው፣ በኅብረታችሁ ተቀበሏት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሁለት ጊዜ መጣች። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ከሄዱ በኋላ አባቴ ከክፍሉ ወጥቶ «እጄን ያየ ሰው ይህን አያደርግም» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

የኅብረቱ ሰዎችም ተለወጡ። እሷ ስትኖር በራሳችን ቋንቋ ብቻ መጸለይ ጀመሩ። እሷ አትሰማውም። አንዷ ደግሞ እሷ የሌለችበት አዲስ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። እኔም አለሁበት። ዝም አልኩ። ሴትየዋ መምጣቷን ተወች። ማንም ለምን ቀረሽ አላላትም። እኔም አላልኳትም።

ባለፈው ወር በጌታ ራት ቀን አጠገቤ ተቀመጠች። ጽዋውን ያቀበለችኝ እሷ ናት። እጄ ተንቀጠቀጠ። መጠጣት አቃተኝ። ለቀጣዩ ሰው አሳልፌ፣ ተነሥቼ ወጣሁ።

ለጓደኛዬ ስነግራት «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መጸለይም ያሳፍረኛል። ይቅር ለማለት ሞክሬያለሁ፤ ከአንገት በላይ ይሆንብኛል። ስሜቱ ሳይኖረኝ ብቀበላት ግብዝነት አይሆንም? መምራቱን ልተው? ወይስ መጋቢያችንን ሌላ ኅብረት ይፈልጉላት ልበላቸው? አባቴንስ ምን ልበለው?

ጽዋውን ያሳለፍኩት ነኝ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ አላልፍ ያለኝ የሸሚዙ ነገር ነው። ቀንሽን የምትጀምሪው የአባትሽን ቁልፍ በመቆለፍ ነው። ያንን ሌሊት ልርሳው ብትዪ እንኳ ጣቶችሽ ጠዋት ጠዋት ያስታውሱሻል። «6 ዓመት ሆነው እኮ፣ አሁንም?» የሚልሽ ሰው ካለ እባክሽ አትስሚው። ለአንቺ የሆነው ዛሬ ጠዋት ነው።

ጓደኛሽ በጠቀሰችው ተረት ልጀምር፤ ጸሎትሽን የዘጋብሽ እሱ ነውና። ተረቱ እውነት አለው። የተተረተው ግን ቂሙን ሸሽጎ ምንም እንዳልሆነ ለሚጸልይ ሰው ነው። አንቺ ምኑን ሸሸግሽ? ሰው ሁሉ እያየሽ ተነሥተሽ ወጣሽ። ጌታ በማቴዎስ 5 ላይ መባ ይዞ መሠዊያ ድረስ ስለመጣ ሰው ይናገራል። እዚያ ሲደርስ ወንድሙ የተቀየመበት ነገር እንዳለ ትዝ ካለው፣ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ ይታረቅ ይላል። ስለዚህ ከመሠዊያ ፊት ተነሥቶ መሄድ በራሱ ነውር አይደለም። ጥያቄው ከዚያ ወዴት ሄድሽ የሚለው ነው። አንቺ ወደ ቤትሽ ሄድሽ። መንገዱ ግን ወደ እሷ ይወስድ ነበር። አሁንም ክፍት ነው። ወር ቢያልፍም አልረፈደም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን እሷ ምን ያየች ይመስልሻል? ስለ አባትሽ እጅ ታውቃለች? ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ካላወቀች በዚያ ቀን የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእሷ እጅ የመጣ ጽዋ አይጠጣም። ይህን ይዛ ልጇን እጇን ጎትታ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ይህን የምጽፍልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ማቴዎስ 5 የሚናገረው ወንድሙ ስለተቀየመበት ሰው መሆኑን አስተውዪ። እስከ ዛሬ ያነበብሽው በተቀየመች ሰው ዓይን ከሆነ፣ አንድ ጊዜ በዚያች ሴት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አንብቢው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ይቅር ለማለት ሞክሬያለሁ» ብለሻል። ማንን ነው ይቅር ለማለት የሞከርሽው? ነገሩ የተጠላለፈብሽ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሱቃችሁን ያቃጠሉ ሰዎች አሉ። አባትሽን የመቱ እጆች አሉ። እነዚያ ዕዳ አለባቸው። ይህች ሴት ግን «ምንም አላደረገችኝም» ብለሽ አንቺው መስክረሽላታል። የሌለባትን ዕዳ እንዴት ትተዪላታለሽ? ይቅርታው ከአንገት በላይ የሆነብሽ ልብሽ ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። በእሷ በኩል ይቅር የሚባል ነገር ስለሌለ ነው። የሌላ ሰው ዕዳ በእሷ ስም ተመዝግቧል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ስሟን ከዚያ መዝገብ ላይ መፋቅ ነው።

ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፋት ደብዳቤ 25 ቁጥር ብቻ ናት። አናሲሞስ የሚባል ባሪያ ከጌታው ከፊልሞና ተለይቶ ሄዶ ጳውሎስን እስር ላይ ሳለ ያገኘዋል። እዚያ ያምናል። ጳውሎስ መልሶ ሲልከው እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ይላል። ከዚያ «ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠር» ብሎ ይጨምራል። ይህቺን አረፍተ ነገር እወዳታለሁ። ዕዳ የለም አላለም። የተበደለውን ሰው ዝም በል አላለውም። ዕዳውን ወደ ራሱ አዞረው። ጸጋ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ የሆነውን ነገር አልሆነም አይልም፤ የሚሸከመውን ሰው ግን ይቀይራል። በአናሲሞስ ላይ እውነተኛ ዕዳ ቢኖር እንኳ ከማዕድ የሚያስቀረው አልነበረም። የአንቺዋ ሴት ደግሞ ጭራሽ ዕዳ የለባትም።

ያን ሌሊት የመጡትን ሰዎች በተመለከተ ዛሬ ምንም አልጠይቅሽም። እሱ ረጅም መንገድ ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር በጊዜው ትሄጂበታለሽ። በሕግ የተያዘ ጉዳይ ካለ ይቀጥል። ፍትሕ መፈለግ ቂም አይደለም። እነሱን ዛሬ ይቅር ማለት ስላልቻልሽ እሷን መቀበል የማትችዪ አይምሰልሽ። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

«ስሜቱ ሳይኖረኝ ብቀበላት ግብዝነት አይሆንም?» ላልሽኝ መልስ ያገኘሁት ገላትያ 2 ላይ ነው። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ፣ ማለትም አይሁድ ካልሆኑ ክርስቲያኖች ጋር ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ግን ፈራ። እያፈገፈገ ተለየ። በርናባስ እንኳ ተከተለው። ልብ በይ፣ ይህ ጴጥሮስ በራእይ ከሰማይ የወረደውን ጨርቅ ሦስት ጊዜ ያየ፣ በቂሳርያ ቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ እግዚአብሔር ለሰው ፊት አያዳላም ብሎ የሰበከ ሰው ነው። ትምህርቱን አልለወጠም። አንድም የተሳሳተ ቃል ሲናገር አልተሰማም። የለወጠው ወንበሩን ብቻ ነው። ጳውሎስ ደግሞ ለዚህ ነገር ግብዝነት የሚል ስም ሰጠው፤ በወንጌል እውነት ቀጥ ብለው እንዳልሄዱ ተናገረ።

እንግዲህ በዚያ ምዕራፍ ግብዝነት የተባለው ምን እንደሆነ አየሽ? የሚያምኑትን እያወቁ ከማዕዱ መነሣት ነው። ስሜት ሳይኖር አብሮ መቀመጥን ማንም ግብዝነት አላለውም። ሆድሽ እየተላወሰ አጠገቧ ብትቀመጪ ግብዝ አትሆኚም። ግብዝ የምትሆኚው «በጣም እወድሻለሁ» እያልሽ አቅፈሻት ማታ እሷ የሌለችበት ግሩፕ ውስጥ ስትጽፊ ነው። የሌለሽን ስሜት አታስመስዪ። ሞቅ ያለ ሰላምታ ከከበደሽ ቀለል ያለ ሰላምታ ስጪያት። እውነት እስከሆነ ድረስ ትንሽነቱ አያሳፍርም።

አንጾኪያን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ያቺ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረችው በእስጢፋኖስ ሞት ጊዜ በተነሣው ስደት ተበትነው በሸሹ ሰዎች ነው። በዚያ ስደት ወንዶችንም ሴቶችንም ከየቤቱ እየጎተተ ወደ ወኅኒ ያስገባ የነበረው ማን ነው? ሳውል፤ በኋላ ጳውሎስ የተባለው። የሐዋርያት ሥራ 11 ላይ ግን በርናባስ ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ሳውልን ፈልጎ ወደዚያችው ከተማ ያመጣዋል። አንድ ዓመት ሙሉ አብረው አስተማሩ። ምዕራፍ 13 ላይ የመሪዎቹ ስም ሲዘረዘር ኔጌር የተባለ ስምዖን አለ፤ የቀሬናው ሉክዮስ አለ፤ ከሄሮድስ ጋር ያደገው ምናሔ አለ፤ መጨረሻ ላይ ሳውል አለ። ከእሱ የሸሹ ሰዎች እየሰሙት ተቀመጡ ማለት ነው። ደቀ መዛሙርት ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን የተባሉት በዚህች ከተማ ነው። ያ ዓመት ቀላል የነበረ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ቀን ሳውል ሲገባ በር በሩን ያየ ሰው፣ ልጁን ወደ ራሱ ያስጠጋ ሰው ሳይኖር አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ኢየሩሳሌም ላይ ግን የሆነው በግልጽ ተጽፏል። ሳውል ሊቀላቀላቸው ሲሞክር ሁሉም ፈሩት ይላል። መፍራታቸውን ማንም አልነቀፈም። በርናባስ ግን ያዘውና ወደ ሐዋርያት ወሰደው። ለአንቺም የሚያስፈልግሽ ይህ ነው። መጋቢያችሁ እሷን በአንቺ ቤት፣ በአንቺ ኅብረት፣ በአንቺ ቁስል ላይ ብቻ ማስቀመጣቸው ከብዶሻል። በቅን ልብ ያደረጉት መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በመካከል የሚቀመጥ ሰው መስጠት ነበረባቸው። ከ11 ሰው ውስጥ ለእሷ የማይከብዳት፣ አንቺንም የምታውቅሽ አንዲት ሴት አትጠፋም። ማን ናት? ስሟ አሁኑኑ ወደ ልብሽ ከመጣ እሷው ናት። እሁድ በእናንተ መካከል ትቀመጥ። ጽዋው በእሷ በኩል ይለፍ። ለጊዜው እንዲህ ቢሆን ምንም ነውር የለውም።

ስለ ግሩፑ ብዙ አልልም። ዝጉት። የከፈተችውን ልጅ ለብቻዋ አግኝተሽ ንገሪያት፤ በሰው ፊት አታሳፍሪያት። «እኔም ውስጡ ሆኜ ዝም ብያለሁ፣ ጥፋቱ የጋራችን ነው» ብለሽ ጀምሪ። መሪ ሲዘጋው ሌላው ይከተላል። ቢያጉረመርሙም ይከተላሉ።

የቋንቋው ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መጸለይ ምንም ክፋት የለውም። በበዓለ ሃምሳ እግዚአብሔር ሁሉንም አንድ ቋንቋ አላናገራቸውም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ቋንቋ ሰማ ነው የሚለው። የሚያለቅስ ሰው በሌላ ቋንቋ አልቅስ አይባልም። ክፋቱ ቋንቋው ቁልፍ ሲሆን ነው። እናንተም ይህን ታውቁታላችሁ፤ እሷ ሳትመጣ በፊት በየትኛው ቋንቋ ትጸልዩ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ቢያንስ የጸሎት ርእሱን ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ተናገሩ። አንድ ሰው አጠገቧ ሆኖ ቀስ ብሎ ይተርጉምላት። እሷም በቋንቋዋ ትጸልይ፤ እናንተ አሜን በሉ።

ደግሞ እሷን መቀበል ማለት ወንበር መስጠት ብቻ አይምሰልሽ። የሐዋርያት ሥራ 6ን ተመልከቺ። በየቀኑ በሚታደለው ምግብ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ቸል ተባሉ። ወገኖቻቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያቱ ቅሬታ አቅራቢዎቹን አላስፈራሩም። ሰባት ሰዎች ይመረጡ አሉ። የሰባቱን ስም ብታነቢ ሁሉም የግሪክ ስም ነው፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ እያለ ይቀጥላል። ቸል የተባሉት ሰዎች ወገን ለሁሉም እንዲያድል ኃላፊነቱ ተሰጠው። ይህች ሴት ለጉባኤው ሁሉ ወንበር እየደረደረች በ11 ሰው መካከል መቀመጫ አጣች። ስትመለስ አንድ ነገር ስጧት። አንድ ማክሰኞ መዝሙረ ዳዊት በቋንቋዋ ታንብብላችሁ። ወይም የጸሎት ርእስ የምትሰበስበው እሷ ትሁን።

የእሷ መምጣት የእናንተ ችሮታ ነው ብለሽ እንድታስቢ አልፈልግም። ኤፌሶን 2 ላይ ክርስቶስ በአይሁድና በአሕዛብ መካከል ያለውን የጥል ግድግዳ አፈረሰ የሚለውን ታውቂዋለሽ። በኢየሩሳሌም መቅደስ እውነተኛ የድንጋይ አጥር ነበር። ባዕድ ሰው አልፎ ቢገኝ ለሞቱ ራሱ ተጠያቂ ነው የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ከድንጋዮቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1871 ተገኝቶ ዛሬ ኢስታንቡል ሙዚየም ውስጥ አለ። ጳውሎስ ራሱ መቅደስ ውስጥ የተያዘው የኤፌሶኑን ጥሮፊሞስን ወደ ውስጥ አስገብቷል ተብሎ ነው። መቅደሱ የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ70 ነው። ጳውሎስ «ግድግዳው ፈርሷል» ብሎ ሲጽፍ እንግዲህ ድንጋዩ ገና ቆሞ ነበር። በዓይኑ ያየውን፣ ያሳሰረውን ግድግዳ ነው ፈርሷል ያለው። አንቺም ግድግዳው ቆሞ ስለታየሽ ብቻ ክርስቶስ አላፈረሰውም አትበዪ።

እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ጥቂት ወረድ ብለሽ አንብቢ። ርቀው ለነበሩት ሰላምን ሰበከ ይላል፤ ቀርበው ለነበሩትም ሰላምን ሰበከ ይላል። ቅርቦቹም ሰላም ተሰብኮላቸዋል! በቤቱ ያደጉትም እንደ ሩቆቹ በምሕረት ነው የገቡት። በጌታ ማዕድ አንቺ የቤት ልጅ፣ እሷ እንግዳ አይደላችሁም። ሁለታችሁም ተጠርታችሁ ነው የመጣችሁት። ይህ ሸክም ያቀልልሽ እንደሆነ አላውቅም። እኔን ግን ያቀልልኛል። እንግዳ ተቀባይ ለመሆን አቅም ባጣ ጊዜ፣ እኔም እንግዳ ነኝ ብዬ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

መምራቱን ልተው ወይ ላልሽኝ፣ አሁን አትተዪ። ሸሽተሽ ከወጣሽ ያ ወንበር ሁልጊዜ ያሳድድሻል። ዕረፍት ግን ውሰጂ። አንድ ወር ሌላ ሰው ይምራ፤ አንቺ ተቀምጠሽ ጸልዪ። እንዲሁም የእጅሽን መንቀጥቀጥ ችላ አትበዪው። እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ፣ ያ ሌሊት በሕልምሽ የሚመላለስ ከሆነ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። የደነገጠ ሰውነት ድንጋጤውን ለማራገፍ እገዛ ይፈልጋል። ሌላ ኅብረት ይፈለግላት የሚለውን ግን ከልብሽ አውጪው። አንዴ ተገፍታለች፤ በመጋቢ እጅ ድጋሚ አትገፋ።

አሁን ስለ አባትሽ። «እጄን ያየ ሰው ይህን አያደርግም» ያሉት ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ እንደሰማሁት ሴትየዋን አላነሡም። ስለ እጃቸው ነው የተናገሩት። የፈሩት መረሳትን ይመስለኛል። ያን ሌሊት ያጡትን ሁሉ የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺም በሩን ከከፈትሽ ማን ይመሰክርላቸዋል? ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። በእነዚህ 6 ዓመታት ከቤተ ክርስቲያን ሰው መጥቶ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ «ያን ሌሊት ምን ሆነ? ይንገሩኝ» ያላቸው አለ? ማክሰኞ ማክሰኞ 11 ሰው በራቸው ፊት አልፎ ሳሎን ይገባል። ስንቱ ያንን በር አንኳኩቷል? ብዙ ጊዜ የቆሰለን ሰው ቁስሉን ሳናይለት አስተናግድ እንለዋለን። ይህ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ጥቅስ ይዘሽ አትሂጂባቸው። ድብቅ ነገርም አታድርጊ። ቤቱ የእሳቸው ነውና ሳይፈቅዱ አታስገቢያት። ማክሰኞውን ለጊዜው ወደ ሌላ አባል ቤት አዙሩት፤ ለምን እንዳዞራችሁትም ንገሪያቸው። ጠዋት ቁልፉን ስትቆልፊ ጥሩ ሰዓት ነው። እንዲህ ልትያቸው ትችያለሽ፦ «አባዬ፣ እጅህን አልረሳሁም። በየቀኑ አየዋለሁ። ያቺ ሴት ግን እጅህን አልነካችም። ቤትህ የአንተ ነው፣ አንተ ሳትፈቅድ አትገባም። እኔ ግን ሌላ ቦታ አብሬያት እጸልያለሁ። ከአንተ ተደብቄ ማድረግ ስላልፈለግኩ ነው የነገርኩህ።» ሊቆጡ ይችላሉ። ለቀናት ዝም ሊሉሽም ይችላሉ። አትከራከሪያቸው። በማግስቱም ቁልፉን ቆልፊላቸው።

ወደ ሴትየዋ ቤት ስትሄጂ ብቻሽን ሂጂ። መጽሐፍ ቅዱስሽን ቤት ተዪው፤ ለስብከት እንደመጣሽ እንዳይመስላት። አጭር ነገር ተናገሪ። «ያን ቀን ሳልጠጣ የወጣሁት በአንቺ ጥፋት አይደለም። በቤታችን የደረሰ ከባድ ነገር አለ፣ አንድ ቀን እነግርሻለሁ። መምጣት ስትተዪ አለመጠየቄ ግን የእኔ ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ይህን ያህል ይበቃል። የአባትሽን ታሪክ በመጀመሪያው ቀን አታራግፊባት፤ ስለ ወገኖቿ መልስ ስጪ የተባለች ይመስላታል። ስለ ወገኖቿ ይቅርታ ጠይቂም አትበያት። ከዚያ ጠይቂያት። ብቻዋን ልጅ ይዛ ወደ እናንተ አካባቢ ለምን እንደመጣች ታውቂያለሽ? እኔ ከደብዳቤሽ አላወቅኩም። ምናልባት እሷም ከአንድ ሌሊት የወጣች ትሆናለች። የልጇን ስም ጠይቂና በትክክል ጥሪው። አልመለስም ካለችሽ መብቷ ነው። ተመልሰሽ ግን ሰላም በያት። እሁድ ቀደም ብለሽ ሄደሽ ወንበሩን አብረሻት ደርድሪ። መናገር በሚከብዳችሁ ቀን፣ እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ይቀላል።

ከሁሉ በፊት ግን ነገ ለመጋቢያችሁ ደውዪ። አባትሽን መጥተው ይጠይቋቸው። ስለ ሴትየዋ አንድም ቃል እንዳያነሡ ንገሪያቸው። ማክሰኞም አይሁን፤ ሰው በማይኖርበት ቀን ይምጡ። ሻይ አቅርቢና አንቺ ከቤት ውጪ። ሁለቱ ብቻቸውን ይቀመጡ። መጋቢው ያንን ሌሊት ይጠይቁ፤ አባትሽ እስኪጨርሱ ድረስም ሰዓት አይመልከቱ።